አይጥ የማትገባበት ቤት፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የቤት ክፍተቶችን የመድፈን ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ የአይጥ መርዝ የሚገዛ ሰው ከበሩ ስር ያለውን ክፍተት የሚዘጋ ቁራጭ ላሜራ ለመግዛት ሲያመነታ ሳይ ይገርመኛል። መርዙ የገደላት አይጥ የገባችበት ቀዳዳ እንደተከፈተ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላዋ ትመጣበታለች። የቤት አይጥ ሦስት ሳምንት ገደማ አርግዛ በአንድ ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ግልገል ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። በዚህ ፍጥነት የሚራባ እንስሳ በመግደል ብቻ አያልቅም። መንገዱን መዝጋት ግን የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው፤ ቤቱ ሰፊ ወይም አሮጌ ከሆነ የሁለት።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ቁጥር ላይ ይቆማል፦ 6 ሚሊ ሜትር። ትንሿ የቤት አይጥ የራስ ቅሏ ካለፈ ሰውነቷን አሳስታ ትከተለዋለች፤ ለዚህም ስድስት ሚሊ ሜትር ይበቃታል። ለመለካት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ተራ እስክሪብቶ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ለአይጥ በር ነው። ለወጣት አይጠ መጎጥ ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ይበቃል። ስለዚህ «ይህችማ ትንሽ ናት» ብለው የሚያልፉት ቀዳዳ አይኑር።

መቼ ይጀመር?

በጣና ዙሪያ አይጥ ወደ ቤት የምትጎርፈው በተለይ በሁለት ወቅቶች ነው። አንደኛው ክረምት ሲገባ ነው። ባሕር ዳር የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ያን ጊዜ በአጥር ስርና በሐይቁ ዳር ሣር ውስጥ ያለው ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፤ አይጧም ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ሰው ታዛ ትመጣለች። ሁለተኛው መኸር ሲሰበሰብ ነው። የፎገራ ሩዝ ሲታጨድ፣ የየሰፈሩ ጤፍ ሲወቃ፣ በማሳው ውስጥ ስትበላና ስትደበቅ የከረመችው የመስክ አይጥ ምግቧንም መጠለያዋንም በአንድ ጊዜ ታጣለች። ያን ጊዜ እህሉን ተከትላ ወደ ጎተራው ትሄዳለች።

ስለዚህ አመቺው ጊዜ ግንቦት ነው። ዝናቡ ገና ስላልጠነከረ ሲሚንቶው በወጉ ይይዛል፤ ቆርቆሮው ላይ መውጣትም አያንሸራትትም። ግንቦት ካመለጠ ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ አዝመራው ሳይሰበሰብ በጥቅምት ይሥሩት። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ምርጊት መለጠፍ ድካም ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ መንገዷን ማግኘት

ብዙ ሰው የሚደፍነው ያያትን ቀዳዳ ነው። ማድ ቤት ውስጥ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የተቦረቦረውን ይለስናል፤ እሷ ግን የምትገባው በጣሪያው ጠርዝ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለፍለጋ ይስጡ።

መጀመሪያ ፋንድያዋን ይፈልጉ። የትንሿ አይጥ ፋንድያ የሩዝ ፍሬ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ጫፉ የሾለ ነው፤ የአይጠ መጎጥ ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ይህ ልዩነት የሚጠቅመው ለየትኛው መጠን እንደሚጨነቁና የት እንደሚፈልጉ ስለሚነግርዎት ነው። ትንሿ ከጎጆዋ ብዙ አትርቅም፤ ፋንድያው ከተገኘበት አሥር ሜትር ባልሞላ ርቀት ውስጥ ጎጆዋም መግቢያዋም ሊኖሩ ይችላሉ። ቀጥሎ ግድግዳውንና ወራጁን ይመልከቱ። አይጥ በአንድ መንገድ ስትመላለስ የጠጉሯ ቅባትና ቆሻሻ ጥቁር ግርፍ ይተዋል። በኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል።

የተጠረጠረውን ቦታ ለማረጋገጥ ማታ ሁሉም ሲተኛ ወለሉ ላይ የተነፋ አመድ በስሱ ይበትኑ። ጠዋት የእግሯ ፈለግ ከየት መጥታ ወዴት እንደሄደች ይነግርዎታል። ቀዳዳው አሁንም የሚሠራ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የተጨመቀ ጋዜጣ ይወትፉበት፤ በሁለት ወይም በሦስት ሌሊት ውስጥ ከተገፋ ወይም ከተቀደደ ሕያው መንገድ ነው።

የብርሃን ሙከራ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ቀን ላይ በርና መስኮቱን ሁሉ ዘግተው፣ መጋረጃውን ጋርደው፣ ጨለማው ውስጥ ዓይንዎ እስኪለምድ ጥቂት ይቁሙ። ከውጭ ብርሃን የሚያስገባው ሁሉ በወረቀት ላይ ይመዝገብ። ማታ ደግሞ በተቃራኒው አንድ ሰው ቤት ውስጥ ባትሪ እያበራ በግድግዳው ሥር ይሂድ፤ እርስዎ ውጭ ሆነው ይከተሉት። ብርሃን የማያሳልፉ ጠማማ ክፍተቶችን ለማግኘት ጭስ ይረዳል። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ የሚጨስበትን ማጨሻ በቱቦ መግቢያዎችና በኮርኒሱ ጠርዝ ዙሪያ ያዙሩት፤ ጭሱ በድንገት ወደ ግድግዳው ከተሳበ ወይም ወደ ኋላ ከተገፋ እዚያ ነፋስ ያልፋል፤ እዚያው አካባቢ እስክሪብቶውን ይሞክሩ።

በጣና ዳር ቀን ላይ የምትሮጥ አይጥ ብታዩ «ቀን የምትወጣው ቤቱ ስለሞላ ነው» ብለው አይደናገጡ። በሣር ውስጥ የምትኖር፣ ቀን የምትንቀሳቀስ የሣር አይጥ አለች። ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የቤት አይጥ ቀን ለቀን ከታየች በእርግጥም በዝታለች።

ደረጃ 2፦ የሚበላና የማይበላ ዕቃ

የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ስለዚህ ምንም ባይርባት ታኝካለች። እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ሲሊኮን፣ ያልጠነከረ ምርጊት ሁሉ ይታኘካል። በቆርቆሮ ዕቃ እየተነፋ የሚሞላው ፎም ለአየር መከላከያ ጥሩ ነው፤ ለአይጥ ግን ለስላሳ ጎጆ ከማበጀት አይተናነስም። ብቻውን ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

የሚበጁት እነዚህ ናቸው፦ ሲሚንቶና አሸዋ፣ አንድ እጅ ለሦስት እጅ የተቦካ፤ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠንካራ የብረት ወንፊት፤ ላሜራ ወይም ወፍራም ቆርቆሮ፤ እና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ። በሽቦው ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የማይዝገው ይሻላል። የሚዝገው ዓይነት በሐይቁ እርጥበትና በክረምቱ ዝናብ ዝጎ ይበሰብሳል፤ ነጩን ግድግዳም ያዥጎረጉራል። ያለው እሱ ብቻ ከሆነ በሲሚንቶ ውስጥ ቀብረው ይጠቀሙበት እንጂ ውጭ ላይ ክፍት አይተዉት።

የዶሮ ሽቦ የሚሉት ባለ ስድስት ጎን ሽቦ አይረዳም፤ ቀዳዳው ሰፊ ነውና ትንሿ አይጥ ሳትጎነብስ ታልፍበታለች። ለትንኝ ተብሎ መስኮት ላይ የሚለጠፈው የፕላስቲክ ወንፊትም በአንድ ሌሊት ይቀደዳል። ባሕር ዳር ወባ ያለባት ከተማ ስለሆነች ማንም ሰው ያን ወንፊት እንዲያነሳ አልመክርም። ከውጭ በኩል የብረቱን፣ ከውስጥ የትንኙን አድርገው በአንድ ክፈፍ ላይ ይስሯቸው። አየሩ ያልፋል፤ ትንኙም አይጧም ይቀራሉ።

መሣሪያው ቀላል ነው፦ መዶሻ፣ መሮ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ ፒንሳ፣ ሜትር፣ ባትሪ፣ ጠንካራ መሰላልና ጓንት። ወንፊት ሲቆረጥ ጫፉ እንደ ምላጭ ስለሆነ ጓንቱን አይርሱ።

ደረጃ 3፦ ከመሬት ተነስቶ መሠረቱን መዞር

ሥራው ሁልጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከታች ወደ ላይ ይሁን። ከውስጥ የተደፈነ ቀዳዳ አይጧን ከግድግዳው ባዶ ውስጥ ያስቀራታል፤ ከዚያ በሌላ በኩል ትወጣለች።

መጀመሪያ ግድግዳውን ያጽዱ። ከግድግዳው ጋር የተጠጋ የማገዶ ክምር፣ የተረፈ ብሎኬት፣ አሮጌ ቆርቆሮና ሣር ሁሉ ይነሳ። ቢያንስ የግማሽ ሜትር ባዶ ዙሪያ ይኑር፤ ጠጠር ቢነጠፍበት ይበልጥ ጥሩ ነው። አይጥ ሜዳ ላይ መታየት አትወድም፤ ጉድጓድ ለመቆፈርም ጠጠር አይመቻትም።

በባሕር ዳር ብዙ መሠረት የሚሠራው በጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ማንም አይቦረቡረውም፤ ችግሩ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ሲሚንቶ ሲረግፍ ነው። የረገፈውን በመሮ እስከ ጠንካራው ድረስ ያውጡ፣ አቧራውን ያራግፉ፣ ቦታውን በውሃ ያርሱት። ደረቅ ድንጋይ ከአዲሱ ሲሚንቶ ውሃውን ስለሚመጥ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይፈረፈራል። ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሰፋውን ክፍተት በሲሚንቶ ብቻ አይሙሉት፤ የድንጋይ ፍንካችና የተጨመቀ ሽቦ አስገብተው በላዩ ይለስኑ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡት። በግንቦት ፀሐይ ይህን የዘነጋ ሰው ሥራው ሲሰነጠቅ ያያል።

ጥቁር የመረሬ አፈር ባለበት አካባቢ በጋ ላይ መሬቱ ከመሠረቱ ጋር በተገናኘበት መስመር ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ለአይጥ ያለድካም የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። እዚያ ላይ የብረት ወንፊቱን በግድግዳው ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይቅበሩት፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ውጭ አጥፈው ሌላ 30 ሴንቲ ሜትር በአግድም ያንጥፉት፤ አፈሩንም ይመልሱበት። አይጥ ግድግዳ ጥግ ላይ ቆማ ቀጥታ ወደ ታች ትቆፍራለች፤ ወንፊቱ ላይ ስትደርስ ግን ወደ ኋላ ተመልሳ ዙሪያውን መቆፈር እንዳለባት አታውቅም።

የብሎኬት ቤት ሌላ ምስጢር አለው። ብሎኬት ባዶ ነው። ከታች በአንድ ስንጥቅ የገባች አይጥ በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ተሳፍራ ሳትታይ እስከ ጣሪያው ትወጣለች። ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ፣ በተለይም ገና ባላለቀ ቤት ላይ፣ የላይኛው ረድፍ አፉ ክፍት እንደሆነ ስለሚቀር የዚህ መንገድ መውጫ ይሆናል። አፉን በሲሚንቶ ይዝጉት፤ ከታች ያሉትንም ስንጥቆች አንድ በአንድ ይድፈኑ።

ደረጃ 4፦ በር

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚሠሩ ከሆነ በሩን ይሥሩ። ፎቁም ጎጆውም፣ ሀብታሙም ድሃውም ቤት በር ስር ክፍተት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል።

በሩን ዘግተው በወለሉና በሩ መካከል እስክሪብቶውን ከዳር እስከ ዳር ይጎትቱት። ወለሉ ደልዳላ ካልሆነ አንዱ ጫፍ ጠባብ ሌላው ሰፊ ይሆናል፤ ስለዚህ መሐሉን ብቻ ለክተው አይረኩ። ቀላሉና ርካሹ መፍትሔ የዘይት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ዘርግተው፣ የበሩን ወርድ ያህል ቆርጠው፣ ስለታሙን ጫፍ አጥፈው ከበሩ ግርጌ በውጭ በኩል ይምቱት። ከወለሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ከዚያ ካነሰ ሲከፈት ይፋተጋል። ከበስተኋላው ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ጥብጣብ ቢጨመር ነፋስና አቧራም ይከለከላል። ላስቲኩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ይበላል።

የላሜራ በር ያላቸው ሰዎች የበሩን ክፈፍ ታች ይመልከቱ። ክፈፉ የሚሠራው ከባዶ የብረት ቱቦ ነው፤ ጫፉ ካልተዘጋ አይጧ በበሩ ውስጥ ገብታ ትወጣለች። በያጅ በትንሽ ላሜራ ቢዘጋው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በያጁ ከመጣ ደግሞ የበሩ ግርጌ ላይ ረዘም ያለ ላሜራ እንዲጨምርልዎ ይጠይቁት።

ደፍ የሌለው በር ለማስተካከል ያስቸግራል። እንዲህ ላለው በር ከሁሉ የሚሻለው ዝቅ ያለ የሲሚንቶ ደፍ መሥራት ነው። የዝናብ ውሃም አብሮ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የቀረው የሰው ልማድ ነው። ቀኑን ሙሉ የተከፈተን በር የትኛውም ላሜራ አይዘጋውም፤ ምሽት ሲመጣ በተለይ የማድ ቤቱ በር ይዘጋ።

ደረጃ 5፦ ቱቦ፣ ፍሳሽና የጭስ መውጫ

የውሃ ሠራተኛ ለአንድ ኢንች ቱቦ የሁለት ኢንች ቀዳዳ ይበሳል፤ የቀረውን ማንም አይደፍነውም። በቧንቧው ዙሪያ የማይዝገውን ሽቦ በዊንጣ መፍቻ ጥቅጥቅ አድርገው ይወትፉና በላዩ ሲሚንቶ ይለስኑ። የፕላስቲክ ቱቦ በሙቀት ስለሚለጠጥ ሲሚንቶው ዙሪያ ጥቂት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በዚያ ቦታ ላይ ሽቦውን አጥብቆ፣ ላዩን በሲሊኮን መጨረስ ይሻላል። ሽቦው ጥርስ ይከለክላል፣ ሲሊኮኑ ውሃና ጉንዳን። የመብራት ሽቦ የሚገባበትን ቀዳዳ ሲነኩ መጀመሪያ ቆጣሪውን ያጥፉ፤ ከምሰሶው ወደ ቤቱ የሚመጣውን መስመር ግን ራስዎ አይንኩት።

የመታጠቢያ ቤት ወለል ፍሳሽ ላይ የብረት ወንፊት ክዳን ይኑር፤ የሚነሳ ግን በቀላሉ የማይገለበጥ። የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን የተሰነጠቀ ወይም የተዛባ ከሆነ በአስቸኳይ ይስተካከል። ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣው የአየር ማስወጫ ቱቦ ጫፍም በወንፊት ይታሰር።

ከቤት ተለይቶ የተሠራ ማድ ቤት ያላችሁ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። እንጀራ የሚጋገርበትና ከሰል የሚነድበት ቤት የጭስ መውጫ ፈጽሞ መደፈን የለበትም፤ አይጥ ትገባለች ብሎ የአየር መውጫውን የደፈነ ሰው ከአይጥ የባሰ ሞት፣ የከሰል ጭስ መርዝ ወደ ቤቱ አስገብቷል። መውጫውን በብረት ወንፊት ይሸፍኑት፤ ጥላሸት ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን በየወሩ በብሩሽ ይቦረሽ። ወንፊቱ በማጠፊያ የሚከፈት ክፈፍ ላይ ቢሆን ጽዳቱ ይቀላል።

ደረጃ 6፦ ታዛና ጣሪያ

አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚተወውም ይህን ነው።

ቆርቆሮ ሞገድ አለው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ከእያንዳንዱ ሞገድ ስር አንድ ቀዳዳ ይቀራል፤ በአንድ ተራ ቤት ዙሪያ ብዙ ደርዘን ቀዳዳ ማለት ነው፤ እያንዳንዳቸውም ከ6 ሚሊ ሜትር በእጅጉ ይበልጣሉ። አይጥ ሸካራ ግድግዳ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ካልሆነላት በአሸንዳው ቱቦ፣ በቡገንቪሊያው ግንድ ወይም ከታዛው በላይ በተንጠለጠለው የማንጎ ቅርንጫፍ ትመጣለች።

መሰላሉን አስደግፈው፣ ሌላ ሰው እያስያዙ፣ ከአንድ ጥግ ይጀምሩ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እያንዳንዱን ሞገድ በሲሚንቶ መሙላት ነው። ሲሚንቶው እንዳይወድቅ መጀመሪያ የተጨፈለቀ ወንፊት ወደ ሞገዱ ውስጥ ይግፉ፤ እሱ ሲሚንቶውን ይይዛል። ይህ መንገድ ጠንካራ ነው፤ ጉድለቱ ግን ቆርቆሮው በቀን ሙቀት ሲለጠጥና በሌሊት ሲሰበሰብ ሲሚንቶው በጊዜ ብዛት መሰነጣጠቁና ጣሪያው ውስጥ የነበረውን አየር መዝጋቱ ነው። በባሕር ዳር ሙቀት ጣሪያውን አየር መንፈግ ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል።

ሁለተኛው፣ እኔም የምመርጠው፣ ወንፊት ነው። ወንፊቱን አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ አድርገው በጥብጣብ ይቁረጡ። ታችኛውን ጠርዝ ግድግዳው ላይ፣ ላይኛውን ወራጁ ላይ በሚስማርና በቆርቆሮ ቁራጭ ይምቱት፤ በሞገዶቹ ቅርጽ ደግሞ በጣትዎ እየገፉ ያስገቡት። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱን ሞገድ በእስክሪብቶ ይፈትሹት። ወራጁ ከግድግዳው በሚወጣበት ቦታ ዙሪያውን ይመልከቱ፤ እንጨቱ ደርቆ ሲሸሽ በሁለቱም ጎኑ ክፍተት ይተዋል።

ከዚያ ወደ ጣሪያው አናት ይሂዱ። የአናቱ ክዳን በሁለቱ ጫፎች አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው፤ ላሜራ አጥፈው ይዝጉት። በፊትና በኋላ ግድግዳ ላይ ለአየር የተተዉ ቀዳዳዎችም በሁለቱ ወንፊቶች ይሸፈኑ። በቆርቆሮ ላይ ሲሄዱ በሚስማሩ መስመር ላይ፣ ማለትም ከሥሩ ወራጅ ባለበት ብቻ ይርገጡ።

ኮርኒሱን የመጨረሻ ያድርጉት። የአቡጀዲ ኮርኒስ አይጥን አያስቆምም፤ ለሷ የመኝታ ምንጣፍ ነው። ችፑድ ቢሆንም በጠርዙ በኩል ታኝከዋለች። ስለዚህ ትግሉ ኮርኒሱ ላይ ሳይሆን ከሱ በላይ ባለው ታዛ ላይ ነው። የመብራት አምፖል የሚወርድበትን ቀዳዳ ግን ከውስጥ ያጥብቡ።

በመጨረሻ ዛፉ። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ዘምባባ፣ ባሕር ዳር የምትታወቅበት ጥላ ሁሉ ውብ ነው፤ ከጣሪያው ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ያላነሰ ይራቅ። ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሐረግ ከታዛው በታች ይቆረጥ።

ደረጃ 7፦ የጭቃ ቤት

በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አይያዝም። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚደርቁና ስለሚያብጡ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ይላቀቃል፤ ከቅርፊቱ በስተኋላም አይጧ የተመቸ ክፍል ታገኛለች። የጭቃ ቤት በራሱ ነገር ይጠገን።

ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፤ ከውስጥ ጎጆ ካለ አውጥተው ያቃጥሉ። የድንጋይ ፍንካችና የሸክላ ገል አጥብቀው ይጠቅጥቁበት። ከዚያ ጭድ የበዛበት፣ ለጥቂት ቀናት የቦካ ጭቃ በሁለት ጊዜ ይምረጉ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው ላዩ ላይ አይጫን። ጉዳቱ ደጋግሞ የሚመለስበት ግርጌ ከሆነ የብረት ወንፊት ከግድግዳው እንጨቶች ጋር በሚስማር ይታሰርና በላዩ ይመረግ። ምርጊቱ ወንፊቱን ይሸፍነዋል፤ አይጧ ስትቆፍር ብረት ታገኛለች። ከወለሉ እስከ ግማሽ ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲህ ማድረግ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ውስጥ ያሉትን ማስወጣት

መንገዱ በተዘጋበት ዕለት ማታ ወጥመድ ይጣል፤ ውስጥ የቀሩት ስለሚራቡ ያን ሌሊት ማጥመጃው ይሠራል። የእንጨት ወጥመድ አፉ ወደ ግድግዳው ይሁን፤ አይጥ ግድግዳ ታካ ነው የምትሄደው። ማጥመጃው ላይ የተወቀጠ ለውዝ በትንሹ ያድርጉ፤ ብዙ ከሆነ ወጥመዱ ሳይፈናጠርባት ልሳ ትሄዳለች። አንድ ወጥመድ ለአንድ ቤት አይበቃም፤ በየግድግዳው በሁለት ሜትር ያህል ርቀት ያስቀምጡ። አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ትጠራጠራለች፤ ለእሷ ወጥመዱን ሳይወጠር ለጥቂት ሌሊት ከምግብ ጋር ይተዉት።

መርዝን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። በየመንገዱ «የአይጥ መርዝ» እየተባለ ብቻ የሚሸጥ፣ መለያ የሌለው መርዝ አይግዙ። ልጅ፣ ድመት፣ ውሻና ዶሮ ይበሉታል፤ በተደፈነ ግድግዳ ውስጥ የሞተች አይጥም ለሳምንታት ትሸታለች። ለእህል ተባይ የሚሸጠው ክኒን ደግሞ እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ስለሚለቅ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ።

ጽዳቱን በደረቅ መጥረጊያ አይጀምሩ። ፋንድያና ሽንት ሲደርቅ አቧራው በሽታ ይዞ ይነሳል። ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ አቅጥነው ይርጩበት፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ በጨርቅ ያንሱ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር አይቀላቅሉት።

ጎተራና የእህል ከረጢት

በጣና ዳር ገጠር ጎተራው ካልተጠበቀ የቤቱ ሥራ ግማሹ ከንቱ ነው። ጎተራው ከመሬት ከ75 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በእንጨት ምሰሶ ላይ ይቁም፤ በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይም ወደ ታች የተገለበጠ የቆርቆሮ ቀፎ ይታሰር። አይጧ ምሰሶውን ስትወጣ ከቀፎው ስር ትያዛለች፤ ለስላሳ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ጥፍሯ አይጨብጥም። ከጎተራው ጋር መሰላል ተደግፎ አይደር፤ የአጥር እንጨትም አይጠጋው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ታች የተደገፈ አንድ ማረሻ ብቻ ለመወጣጫ ይበቃታል።

ከተማ ውስጥ ጤፉን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ክዳኑ በሚገጥም የብረት በርሜል ያስቀምጡ። የፕላስቲክ ባልዲ ጊዜያዊ ነው፤ በጠርዙ ጀምራ ትበሳዋለች። ከቅዳሜ ገበያ የመጣ ከረጢት ቀጥታ ወደ ጓዳ አይግባ፤ ውጭ በፀሐይ ላይ አውርደው፣ ከረጢቱን ጎንና ጎኑን መትተው፣ ስፌቱን ይመልከቱ። ሁሉንም ቀዳዳ የደፈነ ሰው አይጥን በትከሻው ተሸክሞ ማስገባቱ ያሳዝናል።

ከዚያ በኋላ

ሥራው ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ አመዱን እንደገና ይበትኑ። ፈለግ ከታየ ወደ ወረቀቱ ዝርዝር ተመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የታለፈው ታዛ ላይ ያለ አንድ ሞገድ ወይም የበሩ ጥግ ነው። መስከረም ሲጠባ ክረምቱ ያፈረሰውን ምርጊትና የሸሸውን ወንፊት ለማየት ዙሪያውን አንድ ጊዜ ይዙሩ፤ ለዚህ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ዲሽ የሚተክል፣ የውሃ መስመር የሚቀይር ወይም የኢንተርኔት ሽቦ የሚያስገባ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አዲስ ቀዳዳ እንደሚበሳ ይወቁ። ሲሚንቶና ሽቦ ቀድመው ያዘጋጁለት፤ ደፍኖ እስኪጨርስም ሒሳቡን አይክፈሉት።